«ገደብ የለሽ» የሚለውን እንለፈው፦ ለአነስተኛ የውይይት ድረ ገጽ የሚሆን ሆስቲንግ ሲመዘን

የሆስቲንግ፣ ማለትም ድረ ገጽ የሚቀመጥበት ሰርቨር ኪራይ፣ ማስታወቂያ የሚጀምረው በዲስክ ቦታ ነው። «ገደብ የለሽ ማከማቻ፣ ገደብ የለሽ ትራፊክ» ይላል በትልልቅ ፊደል። አባላት ተመዝግበው ለሚወያዩበት ድረ ገጽ ግን ከሁሉ ያነሰ የሚያሳስበው ይኸው ነው። እናስላው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ8 (ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት ስልት) ሲቀመጥ 3 ባይት ይይዛል። አንድ መልእክት በአማካይ 500 ፊደል ቢኖረው 1.5 ኪሎባይት ነው። 100,000 መልእክት ሲከማች ጽሑፉ 150 ሜጋባይት ይሆናል፤ የፍለጋ ማውጫውና ሌሎቹ ሰንጠረዦች ሲደመሩበት እንኳ ከግማሽ ጊጋባይት ብዙም አይርቅም። ለዓመታት የተጻፈው ሁሉ አንድ ሲዲ ላይ ይገባል ማለት ነው። ቦታ የሚበላው ፎቶ ነው፤ እሱም በስልክ የተነሳ 4 ሜጋባይት ምስል ሳይቀነስ እንዳይጫን በማድረግ የሚፈታ ነው።

ድረ ገጹን የሚያስተኛው ሌላ ነገር ነው፤ በአንድ ቅጽበት ስንት ጥያቄ አብሮ ይስተናገዳል የሚለው። የድርጅት ድረ ገጽ አንዴ የተዘጋጀውን ገጽ ለመጣው ሁሉ ያሳያል። የውይይት ድረ ገጽ ግን ለእያንዳንዱ አባል የየራሱን ገጽ ይሠራል፤ ያላነበበው ስንት ነው፣ የግል መልእክት መጥቶለታል ወይ፣ የትኛውን ክፍል እንዲያይ ተፈቅዶለታል እያለ። አንድ ርእስ በተከፈተ ቁጥር ፕሮግራሙ ይነሳል፣ ዳታቤዙን (መልእክቱና አባላቱ የተመዘገቡበትን ቋት) ደጋግሞ ይጠይቃል፣ ያገኘውን ሰብስቦ ይልካል። ሆስቲንጉም መመዘን ያለበት በዚህ በኩል ነው።

ሼርድ ሆስቲንግ

አንድ ሰርቨር በመቶዎች ለሚቆጠሩ ደንበኞች ይከፋፈላል። ብዙዎቹ አቅራቢዎች ክላውድሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ስለሚጠቀሙ እያንዳንዱ አካውንት የራሱ ጣሪያ ተቆርጦለታል፤ የፕሮሰሰር፣ የራም፣ የዲስክ ፍጥነት፣ የፋይል ብዛት። ከገዛችሁ በኋላ ጣሪያዎቹን በሲፓነል (በሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ) «ሪሶርስ ዩሴጅ» ገጽ ላይ ታገኟቸዋላችሁ፤ የዋጋ ዝርዝሩ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይጻፉም። ለእኛ ጉዳይ ዋናው «ኢንትሪ ፕሮሰስ» የሚባለው ነው። የተለመደው ቁጥር 20 ነው።

20 ሲባል ሃያ ጎብኚ ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በዚያች ቅጽበት ገጽ እየተሠራላቸው ያሉ ጥያቄዎች ቁጥር ነው። ገጹ በግማሽ ሰከንድ የሚሠራ ከሆነ በ20 ፕሮሰስ በሰከንድ 40 ገጽ ይወጣል፤ ይህ ለአነስተኛ ድረ ገጽ ከበቂ በላይ ነው። ያው ገጽ 4 ሰከንድ የሚፈጅ ከሆነ ግን በሰከንድ የሚወጣው 5 ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሚመጣው ይጠራቀማል፣ ሃያው ቦታ ይሞላል፣ ቀጣዩ ጎብኚ ስህተት 508 የሚል ገጽ ይወጣበታል። ስለዚህ 508 በታየ ቁጥር ወደ ውድ ፓኬጅ መሸጋገር ገንዘብ ማባከን ሊሆን ይችላል። አስቀድማችሁ ገጹ ለምን እንደዘገየ እዩ፤ ኦፕካሽ የሚባለው ማፍጠኛ ተዘግቶ ይሆናል፣ የፒኤችፒው (ፕሮግራሙ የተጻፈበት ቋንቋ) ቅጂ ያረጀ ይሆናል፣ ወይም አንድ ፕለጊን በየገጹ ከባድ ጥያቄ እየላከ ይሆናል።

ሌላው ጣሪያ የዲስክ ንባብና ጽሕፈት ፍጥነት ነው። ርካሽ ፓኬጆች ላይ በሰከንድ 1 ሜጋባይት ተብሎ ይቆረጣል። የ400 ሜጋባይት ባክአፕ ለመጠቅለል ብቻ ወደ 7 ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው፤ ሥራው በብሮውዘር በኩል ከተጀመረ መሃል ላይ ይቋረጣል። ጀርባው ላይ «ኤንቪኤምኢ ዲስክ» የሚባለው ፈጣን ዲስክ መኖሩ ጣሪያው ይህ ከሆነ ፋይዳ የለውም።

ፒኤችፒቢቢ ወይም ማይቢቢ የሚባለውን የውይይት ሶፍትዌር ለሚያስኬድ፣ በቀን ጥቂት መቶ ሰው ለሚገባበት ድረ ገጽ፣ ጥሩ ሼርድ ሆስቲንግ ይበቃል። ይህን በእርግጠኝነት እንላለን፤ ቪፒኤስ (ከአንድ ማሽን ላይ ለብቻ የተከፈለ ሰርቨር) መያዝ በራሱ ጥራት የሚመስለው ሰው ብዙ ስለሆነ። ፍላረም የሚባለው ግን በዋናነት የሚጫነው በኤስኤስኤች (ከርቀት ትእዛዝ በሚሰጥበት መግቢያ) ገብቶ በኮምፖዘር (የፒኤችፒ ክፍሎችን በሚያወርድ መሣሪያ) ነው፤ ጠባብ አካውንት ላይ ኮምፖዘሩ ራም አልቆበት መሃል መንገድ ላይ ይገደላል፣ ድረ ገጹም በግማሽ እንደታደሰ ይቀራል። ዲስኮርስ ደግሞ በዶከር (ፕሮግራምን ከነመሣሪያው በሚያሽግ ስልት) የሚሠራ፣ ከሥሩ ፖስትግሬስና ሬዲስ የሚባሉ ዳታቤዞች ያሉት ፕሮግራም ነው፤ ሼርድ ላይ ጭራሽ አይሆንም። ሆስቲንግ ከመግዛታችሁ በፊት ሶፍትዌሩን ምረጡ የምንለውም ለዚህ ነው።

ለሽያጭ ክፍሉ ሳይሆን ለቴክኒክ ድጋፉ ከመግዛታችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ፦ የኢንትሪ ፕሮሰስ ጣሪያው ስንት ነው፣ ለአካውንቱ ስንት ራም ተመድቧል፣ በሰዓት ስንት ኢሜይል ይፈቀዳል፣ የፋይል ብዛት ገደቡ ስንት ነው፣ ክሮን (በተወሰነለት ሰዓት ራሱ የሚነሳ ሥራ) በየ5 ደቂቃው ማስኬድ ይቻላል ወይ? ቁጥር የያዘ መልስ ከመጣ ጥሩ ምልክት ነው። «ለእርስዎ ድረ ገጽ ከበቂ በላይ ነው» የሚል መልስ ከመጣ ችግር በሚፈጠርበት ሌሊትም የሚመጣው እንደዚሁ ያለ መልስ ነው፤ ሌላ ቦታ ሂዱ።

ቪፒኤስ

እዚህ ጣሪያውን የምታበጁት እናንተው ናችሁ። 1 ጊጋባይት ራም ያለው ቪፒኤስ ብዙ ይመስላል፤ ሲከፋፈል ግን እንዲህ ነው። ሊኑክሱ ራሱ ከ150 እስከ 200 ሜጋባይት ይወስዳል፣ ዳታቤዙ ማሪያዲቢ በመጠኑ ሲስተካከል 250 ገደማ፣ ዌብ ሰርቨሩ ትንሽ። የሚተርፈው 500 ሜጋባይት አካባቢ ነው። አንድ የፒኤችፒ ፕሮሰስ 50 ሜጋባይት ከያዘ ቦታ ያለው ለ10 ነው። የፒኤችፒ ፕሮሰሶችን በሚያስተዳድረው ፒኤችፒ-ኤፍፒኤም ላይ የፕሮሰሶች ጣሪያ 50 ተብሎ ከተተወ፣ አንድ ቀን ጎብኚ ሲበዛ ራሙ ያልቃል፤ ያኔ ሊኑክስ ከሁሉ ብዙ ራም የያዘውን ፕሮሰስ መርጦ ይገድላል። ያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዳታቤዙ ነው። ሰርቨሩ በርቶ ሳለ ድረ ገጹ «ከዳታቤዝ ጋር መገናኘት አልተቻለም» ብሎ ይቆማል፤ ባለቤቱም አቅራቢውን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን የዚያ 50 የሚል ቁጥር ነው። 10 አድርጉት፣ ከ1 እስከ 2 ጊጋባይት ስዋፕ (ራም ሲያልቅ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) ጨምሩ፣ ዳታቤዙ ቢወድቅ ራሱ ተመልሶ እንዲነሳ አድርጉ። ለዲስኮርስ 1 ጊጋባይት ከስዋፕ ጋር ዝቅተኛው ነው፤ በየዕድሳቱ ፕሮግራሙ እንደገና ስለሚገነባ ከ2 ጊጋባይት በታች ባትወርዱ ይሻላል።

የቪፒኤስ አቅራቢን ጥራት የሚያሳይ አንድ ቁጥር አለ። በኤስኤስኤች ገብታችሁ «ቶፕ» የሚለውን ትእዛዝ ስታስኬዱ ከፕሮሰሰሩ መስመር ጫፍ ላይ «ኤስቲ» በሚል ምልክት ይታያል። የእናንተ ሰርቨር ሊሠራ ፈልጎ፣ ፕሮሰሰሩ ለጎረቤት ስለተሰጠ የጠበቀበትን ጊዜ በመቶኛ ያሳያል። ዜሮ ወይም ከዜሮ ብዙ የማይርቅ ከሆነ ደህና ነው። ለሰዓታት ከ5 እስከ 10 በመቶ ላይ የሚቆይ ከሆነ አቅራቢው አንዱን ማሽን ከአቅሙ በላይ ሸጦታል፤ ቅንብራችሁን ብታስተካክሉ የሚለወጥ ነገር የለም። በሥራ ሰዓትም በሌሊትም እዩት፣ የሚለያይ ስለሆነ።

ቪፒኤስ የሚያዋጣው ግን የሚጠብቀው ሰው ካለው ብቻ ነው። የደህንነት ዕድሳት በራሱ እንዲገባ ማድረግ፣ መግቢያውን በፓስዎርድ ሳይሆን በቁልፍ ብቻ ማድረግ፣ ሎግ (ሰርቨሩ የሚጽፈው የክንውን መዝገብ) ዲስኩን እንዳይሞላው ማየት የእናንተ ሥራ ይሆናል። ይህን የሚሠራ ሰው ከሌለ ከቪፒኤስ ይልቅ ጥሩ ሼርድ ይሻላል።

የፕሮግራሙ ሠሪዎች ራሳቸው የሚያስተናግዱበት አገልግሎትም አለ፤ የዲስኮርስና የኖድቢቢ ሠሪዎች ይህን ይሰጣሉ። ሰርቨሩን፣ ኢሜይሉንና ዕድሳቱን እነሱ ይሸከማሉ፤ ከሼርድ የሚወደደውም ለዚህ ነው። የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ስንለቅ ሙሉውን ዳታቤዝ ታስረክቡናላችሁ ወይ? መልእክቶቹን ብቻ አውጥቶ መስጠትና አባላት በነበራቸው ፓስዎርድ እንዲገቡ የሚያስችለውን ሙሉ ቅጂ መስጠት በጣም የተለያዩ ናቸው።

ኢሜይሉ ካልደረሰ

አዲስ አባል ሲመዘገብ የማረጋገጫ ሊንክ ይላክለታል። ካልደረሰው ተመልሶ አይመጣም፤ ለምን እንዳልገባም አይነግራችሁም። ብዙ አነስተኛ ድረ ገጾች አባል የሚያጡት በዚህ ዝምታ ነው፤ ስለዚህ ለኢሜይሉ ከፍጥነቱ የማይተናነስ ጊዜ ስጡት።

ሼርድ ላይ ኢሜይሉ የሚወጣው ከመቶዎች ጎረቤቶች ጋር በሚጋሩት አድራሻ ነው፤ አንዱ ስፓም ሲልክ የሁሉም ስም አብሮ ይጠፋል። በዚያ ላይ የሰዓት ገደብ አለ። ገደቡ በሰዓት 100 ይሁን እንበል። አንድ ርእስ የሚከታተሉ 150 አባላት ካሉና አንድ ሰው መልስ ቢጽፍ 150 ማሳወቂያ ሊወጣ ነው። ገደቡ በአንድ መልስ አለቀ፤ ፓስዎርዱ የጠፋበት አባል የጠየቀው ኢሜይል ከኋላ ይሰለፋል ወይም ይጣላል። ቪፒኤስ ላይ ደግሞ ኢሜይል የሚወጣበት ፖርት 25 በብዙ አቅራቢዎች ከመነሻው ዝግ ነው።

መፍትሔው ኢሜይሉን ከሆስቲንጉ መለየት ነው። ለዚሁ ሥራ የተቋቋመ የኢሜይል መላኪያ አገልግሎት ያዙ፣ ድረ ገጹን በፖርት 587 ከእሱ ጋር አገናኙት፣ ከዚያ በዶሜይኑ ዲኤንኤስ (የስምና የአድራሻ መዝገብ) ላይ ኢሜይሉ በእውነት ከእናንተ መሆኑን የሚያረጋግጡ፣ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የሚባሉትን ሦስት መዝገቦች አስገቡ። ጂሜይል ከእ.ኤ.አ. ፌብሯሪ 2024 ጀምሮ ከማንኛውም ላኪ ቢያንስ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም ይጠይቃል፤ በቀን ከ5,000 በላይ ለሚልክ ሦስቱም ግዴታ ናቸው። አነስተኛ ብትሆኑም ሦስቱንም አድርጉ። ለመፈተሽ፣ የሙከራ አባል በጂሜይል አድራሻ መዝግቡ፤ ኢሜይሉ ሲመጣ ከላይ በቀኝ ካሉት ሦስት ነጥቦች የመልእክቱን ዋና ቅጂ የሚያሳየውን ምረጡ። በሦስቱም ስሞች ትይዩ «ፓስ» የሚል ቃል መታየት አለበት። አንዱ እንኳ ከጎደለ ድረ ገጹን አትክፈቱ።

ግዕዝ ለሚጻፍበት ድረ ገጽ ሁለት ፍተሻ

የሆስቲንግ ግምገማዎች ይህን አያነሱትም፤ በአማርኛ ለሚወያይ ድረ ገጽ ግን ወሳኝ ነው። የመጀመሪያው የዳታቤዙ የፊደል ቅንብር ነው። ሰንጠረዡ «ላቲን1» ከሆነ የግዕዝ ፊደል ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል፤ አንዴ እንደዚያ ከተቀመጠ ጽሑፉ ጠፍቷል፣ ቅንብሩን በኋላ ማረም አይመልሰውም። ማይኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ የቆየው «ዩቲኤፍ8» ደግሞ እስከ 3 ባይት ብቻ ነው የሚቀበለው። ግዕዝ 3 ባይት ስለሆነ ያልፋል፤ ኢሞጂ ግን 4 ባይት ነው። ጥብቅ ያልሆነ ቅንብር ላይ፣ አባሉ በመልእክቱ መሃል አንድ ኢሞጂ ካስገባ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ተቆርጦ ይቀራል። «ዩቲኤፍ8 ኤምቢ4» መሆኑን አረጋግጡ፤ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ መሃሉ ላይ ኢሞጂ አስገቡ፣ አስቀምጡ፣ እስከ መጨረሻው መኖሩን እዩ።

ሁለተኛው ፍለጋ ነው። የማይኤስኪውኤል የሙሉ ጽሑፍ ፍለጋ፣ ኢኖዲቢ በሚባለው የሰንጠረዥ ዓይነት ላይ፣ ከ3 ፊደል ያነሰ ቃል በማውጫው ውስጥ አያስገባም። ለእንግሊዝኛ ይህ ከባድ ጉዳት የለውም። በአማርኛ ግን «ቤት»፣ «ዋጋ»፣ «ሰው»፣ «ውሃ»፣ «ሕግ» ሁሉም ባለ ሁለት ፊደል ናቸው። አባሉ «ዋጋ» ብሎ ፈልጎ «ምንም አልተገኘም» ይባላል፤ ቃሉ ግን በመቶ መልእክት ውስጥ አለ። ቁጥሩን ወደ 2 ማውረድ የዳታቤዙን ሰርቨር ቅንብር መቀየርና ዳግም ማስነሳት፣ ከዚያም ማውጫውን እንደ አዲስ መሥራት ይጠይቃል፤ ሼርድ ላይ ይህ አይፈቀድም። እንግዲያው ሼርድ ከመረጣችሁ ፕሮግራሙ የራሱ የፍለጋ ማውጫ እንዳለው እዩ፤ ፒኤችፒቢቢ አለው፣ ዝቅተኛውን የፊደል ቁጥርም ከአስተዳዳሪው ገጽ መቀየር ይቻላል። ቪፒኤስ ከሼርድ በግልጽ የሚበልጥበት አንዱ ቦታ ይህ ነው።

ባክአፕ

እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከኦቪኤችክላውድ ዳታ ሴንተሮች አንዱ ሙሉ በሙሉ ተቃጠለ። ባክአፓቸው እዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አብረው አጡ። ትልቅ ኩባንያ መምረጥ በራሱ ከዚህ አያድንም። አቅራቢው «በየቀኑ ባክአፕ እናደርጋለን» ሲል የት፣ ለስንት ቀን፣ ስትፈልጉት ራሳችሁ ማውረድ ትችላላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዶች ደግሞ የፋይል ብዛቱ ከተወሰነ ቁጥር ሲያልፍ ያንን አካውንት ከባክአፕ ይተዉታል፤ ውሉ ውስጥ በትንሽ ፊደል ተጽፎ ይገኛል።

የራሳችሁን ያዙ። ዳታቤዙን በየሌሊቱ በክሮን አውጡት፤ ሰንጠረዦቹ ኢኖዲቢ ከሆኑ «ሲንግል ትራንዛክሽን» የሚለውን አማራጭ ጨምሩበት፣ ሰው እየጻፈ ሳለ ሳይዘጋበት ወጥ የሆነ ቅጂ ይወጣል። ፋይሉን ጠቅልሉና ከሌላ ኩባንያ ጋር ወዳለ ማከማቻ ላኩት። ሰባት የቀን፣ አራት የሳምንት ቅጂ ይበቃል። ከዚያ በየሦስት ወሩ አንዱን ባዶ ዳታቤዝ ላይ ጭናችሁ ክፈቱት፤ የመልእክቱን ቁጥር ከዋናው ጋር አስተያዩ፣ ግዕዙ በትክክል መነበቡን እዩ። ሳይሞከር የተቀመጠ ፋይል ባዶ ሆኖ የሚገኘው በጨነቀ ቀን ነው፤ ያኔ መሯሯጡ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የ99.9 በመቶ ዋስትና

99.9 በመቶ ማለት በ30 ቀን ውስጥ 43 ደቂቃ መቋረጥ ይፈቀዳል ማለት ነው። 99 በመቶ ከሆነ 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ። ከዚያ ሲያልፍ የሚከፈላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ከወርሃዊው ሂሳብ ጥቂት ቅናሽ ነው፤ ጠይቃችሁ ካልወሰዳችሁ ደግሞ አይሰጣችሁም። ስለዚህ ዋስትናውን ሳይሆን ታሪኩን እዩ። አቅራቢው የብልሽት መዝገቡን በይፋ የሚያሳይበት ገጽ ካለው የስድስት ወሩን አንብቡ። በችግሩ ሰዓት ምን እንደተፈጠረና ለምን እንደተፈጠረ በግልጽ የጻፈ፣ ምንም ብልሽት ካልመዘገበው ይልቅ ይታመናል።

«ምርጥ አሥር ሆስቲንግ» የሚሉ ዝርዝሮችን በጥንቃቄ አንብቡ። ብዙዎቹ በላኩት ገዢ ልክ ኮሚሽን የሚያገኙ ናቸው፤ ተፎካካሪ የሚመስሉት ስሞችም አንዳንዴ የአንድ ባለቤት ናቸው። ብሉሆስትና ሆስትጌተር ለምሳሌ ሁለቱም በኒውፎልድ ዲጂታል ሥር ናቸው። የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ የማባበያ ነው፤ የዕድሳቱ ዋጋ ብዙ ጊዜ እጥፍና ከዚያም በላይ ነው፣ የምታነጻጽሩት እሱን ይሁን። ለኤስኤስኤል (ግንኙነቱን ለሚያመሰጥረው የምስክር ወረቀት) ለብቻው የሚያስከፍል አቅራቢ ካጋጠማችሁ እለፉት፤ ሌትስ ኢንክሪፕት በነጻ ይሰጣል፣ በራሱም እንዲታደስ ማድረግ ይቻላል። ነጻ ሆስቲንግ ለመለማመጃ ካልሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ኢሜይል ይዘጋል፣ የቀዘቀዘ አካውንትም ያለ ብዙ ማስጠንቀቂያ ሊሰረዝ ይችላል።

ገንዘብ በሚመለስበት ጊዜ ውስጥ

ብዙዎቹ 30 ቀን ይሰጣሉ። ከሆስቲንጉ ጋር የተገዛ ዶሜይን ግን ሂሳቡ አይመለስም፤ ብዙ ዶሜይኖችም ከተመዘገቡ በኋላ ለ60 ቀን ወደ ሌላ ሬጅስትራር (ዶሜይን መዝጋቢ ኩባንያ) አይዛወሩም። ዶሜይኑን ከሌላ ኩባንያ ግዙ። ከሆስቲንጉ ብትጣሉ ስማችሁ በእጃችሁ ይቀራል።

ፕሮግራሙን ጫኑና ጥቂት ሺህ የሙከራ መልእክቶች አስገቡ፤ ባዶ ድረ ገጽ የትም ፈጣን ነው። ለአንድ ሳምንት በየ5 ደቂቃው ከውጭ የሚጎበኝ የክትትል አገልግሎት አገናኙ፤ የሚጎበኘው ግን የፊት ገጹን ሳይሆን ብዙ መልስ ያለውን ርእስ ይሁን፣ ዳታቤዙ የሚፈተነው እዚያ ነው። የመጀመሪያው ባይት የሚደርስበት ጊዜ ከግማሽ ሰከንድ በታች ሲሆን ጥሩ ነው፤ በቀኑ ውስጥ ብዙ ካልዋዠቀ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ። ቅዳሜ ሌሊት አንድ የቴክኒክ ጥያቄ ላኩ፤ ስንት ሰዓት እንደፈጀ ብቻ ሳይሆን የመለሰው ሰው ጥያቄውን አንብቦት እንደሆነ ልብ በሉ።

ሎጉንም ክፈቱት። የውይይት ድረ ገጽ በተከፈተ በሳምንታት ውስጥ የሮቦት ጎርፍ ይመጣበታል፤ የፍለጋ ሞተሮች፣ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ጽሑፍ የሚለቅሙ፣ የስፓም መዝጋቢዎች። የአባላት ዝርዝር፣ የፍለጋ ገጽና የእያንዳንዱ መልእክት ነጠላ ሊንክ ለእንግዳ ክፍት ከሆኑ ሮቦቱ አንዱን ርእስ በመቶ መንገድ ይጎበኘዋል፤ ሃያው ፕሮሰስ የሚያልቀውም ብዙ ጊዜ በእነዚህ እንጂ በአባላት አይደለም። ሦስቱን ለእንግዳ ዝጉ። አቅራቢው በፊት ለፊት እንደ ክላውድፍሌር ያለ ማጣሪያ መጠቀም የሚከለክል ከሆነ ከምርጫችሁ አውጡት።

ለመልቀቅም ከመግባት በፊት አስቡበት። ከመዛወሩ አንድ ቀን በፊት የዲኤንኤሱን ቲቲኤል (ኔትወርኮች አድራሻውን ሳያድሱ የሚይዙበትን ጊዜ) ወደ 300 ሰከንድ አውርዱ። በቀኑ ድረ ገጹን ለንባብ ብቻ አድርጉ፣ ዳታቤዙን አውጡ፣ አዲሱ ላይ ጫኑ፣ የመልእክቱንና የአባላቱን ቁጥር አስተያዩ፣ ከዚያ አድራሻውን ቀይሩ። አሮጌውን አካውንት ወዲያው አትሰርዙት። የጉብኝት ሎጉን በየቀኑ እዩ፤ ቲቲኤሉን የማያከብሩ ኔትወርኮች ስላሉ ለጥቂት ቀናት ሰው ወደዚያው ይመጣል። መምጣታቸው ሲያቆም የመጨረሻውን ቅጂ አውርዱና ዝጉት።